ከአል ራሺዲያ የተነሣው ባቡርና የእውነተኛ ወጪ ጥያቄ

ዱባይ፦ የዱባይ ሜትሮ ቀይ መሥመር እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2009 ሲመረቅ፣ ለአገልግሎት ዝግጁ ከነበሩት ዐሥር ጣቢያዎች አንዱ፣ የመሥመሩም ጫፍ፣ ዛሬ ሴንተርፖይንት የሚባለው የአል ራሺዲያ ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሮጀክቱ የተያዘው ወጪ 15.5 ቢሊዮን ድርሃም ሲሆን፣ ኋላ 28 ቢሊዮን ደርሷል። የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ጭማሪው የመጣው ከዲዛይንና ከሥራ መጠን ለውጥ መሆኑን ገልጿል።

እንዲህ ያለው ጭማሪ በራሱ የማታለል ምልክት አይደለም፤ የመንግሥት ውል የሚጋለጥበትን ስፍራ ግን ያሳያል። በጨረታ ወቅት ተቀናቃኝ ዋጋን ይገራል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ለተጨማሪው ሥራ የሚቀርብ ሌላ ተጫራች የለም፤ ዋሻ እየተቆፈረ ተቋራጭ መለወጥም ቀላል አይደለም። ድርድሩ ከአንድ ወገን ጋር፣ በዚያው ወገን ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ ይካሄዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ከዚህም ከብዶ ታይቷል። የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሰጡት መግለጫ፣ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታውቀው ነበር።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣችው ሕግ መፍትሔ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ውድድር በሌለበት ከፍተኛ ውል፣ ተቋራጩ ያቀረበው የዕቃና የጉልበት ወጪ በስምምነቱ ዕለት ወቅታዊ፣ ትክክለኛና የተሟላ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ከአቅራቢ ርካሽ ዋጋ እንደመጣለት እያወቀ ውዱን ብቻ ካሳየ፣ በዚያ ምክንያት የናረው ገንዘብ ከውሉ ይቀነሳል።

ለሙስሊም ነጋዴ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በሙራበሐ ሽያጭ ሻጩ ዕቃው የፈጀበትን ወጪና የሚያገኘውን ትርፍ ይናገራል፤ ገዢውም ቃሉን አምኖ ይገዛል። ሻጩ ዋሽቶ ቢገኝስ? ኢማም አቡ ሐኒፋ ገዢው በተነገረው ሙሉ ዋጋ ይውሰድ ወይም ዕቃውን ይመልስ ሲሉ፣ ደቀ መዝሙራቸው አቡ ዩሱፍ ግን የተጋነነው ከነትርፍ ድርሻው ይቀነስ ብለዋል። የተሠራ የባቡር ሐዲድ ወደ ሻጩ አይመለስምና፣ ለመንግሥት ውል የአቡ ዩሱፍ መንገድ የሚቀርብ ይመስላል።

ሆኖም ለመቀነስ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ተቋራጩ ከፊርማው በፊት የተቀበላቸውን የዋጋ ማቅረቢያዎች መርማሪ ካላያቸው፣ የተደበቀው ርካሽ ዋጋ መኖሩ አይታወቅም። ስለዚህም የአሜሪካው ሕግ መንግሥት የተቋራጩን መዝገብ የመመርመር መብት እንዲኖረው አድርጓል።