«ይጠብቅህ» ስንል

ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ የሚወጣ ልጇን እናት በር ድረስ ትሸኘዋለች። ነጠላዋን እንዳጣፋች መዝጊያውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ትከሻውን ታብሳለች፤ አቧራ ኖሮበት አይደለም። «ወጥተህ በሰላም ግባ። እንቅፋት አይምታህ። ጥላ ከለላ ይሁንህ።» ልጁ «አሜን» ብሎ ይወርዳል። ጥላ የሚሆነው ማን እንደሆነ አልተጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም።

የክርስቲያኑ አማርኛ በጥበቃ ቃል የተሞላ ነው። ሕፃን ሲደናቀፍ «ሚካኤል!» ይባላል። የደነገጠ ሰው «በስመ አብ!» ብሎ ያማትባል። አራስ የጠየቀ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይገባል። ወንጌላውያን ወገኖች ደግሞ ለመንገደኛቸው «ጌታ በደሙ ይሸፍንህ» ይላሉ። ከለመድነው ብዛት ቃሉን ቆም ብለን አናየውም። እግዚአብሔር የሚያምኑትን በፍቅሩ ይጠብቃል ስንል ምን ማለታችን ነው? ከምን ይጠብቃል? የተገደሉትንስ ምን እንበል?

ከቃሉ እንጀምር። ግእዝ «ዐቀበ» የሚል ግስ አለው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተሾመለት መልአክ ዑቃቤ መልአክ ይባላል። ለመሥዋዕቱ የሚሆነውን ዱቄት የምታዘጋጀው መነኩሲት አቃቢት ናት። በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ትልቅ ሥልጣን የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ዛሬ ችሎት ፊት የሚቆመው ዐቃቤ ሕግም የዚያው ግስ ልጅ ነው። ግርማው የራቀውን ሰው «ውቃቢው ርቆታል» ስንልም ከዚያው ሥር ነው የምንቀዳው። ጥበቃ በእኛ ቋንቋ መላእክትንም፣ ዱቄትንም፣ ሕግንም የሚነካ ሥራ ነው።

ዕብራይስጡ በበኩሉ «ሻማር» ይላል። ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ ተሳላሚዎች ይዘምሩት ከነበሩት መዝሙሮች አንዱ በስምንት ቁጥሮች ብቻ ይህን ቃል ስድስት ጊዜ ይደጋግመዋል። በግእዙ ዳዊት 120ኛው፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 121ኛው ነው። (ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ጎረቤታሞች በመዝሙር ቁጥር የሚከራከሩት ከዚህ የተነሣ ነው። አንዱ 90 ሲል ሌላው 91 ይላል፤ ሁለቱም ያንኑ መዝሙር ነው የያዙት።) መንገደኛው ተራራውን፣ የቀኑን ሐሩር፣ ሌሊቱን ይፈራል፤ መዝሙሩም ለእያንዳንዱ ፍርሃት መልስ ይሰጣል። የመጨረሻው ቁጥር ስለ መውጣትና ስለ መግባት ነው። እዚያ በር ላይ የቆመችው እናት ዳዊት ደግማ ባታውቅ እንኳ የምትመርቀው ያንኑ ነው።

ይህ ልመና ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ዕቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 እስራኤላዊው አርኪዮሎጂስት ገብርኤል ባርካይ ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ወጣ ብሎ ኬቴፍ ሂኖም በተባለ ስፍራ የመቃብር ዋሻዎችን ሲያስቆፍር ሁለት የተጠቀለሉ ትናንሽ የብር ቅጠሎች አገኘ። ትልቁ ተዘርግቶ እንኳ 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ብሩ ስስ ስለሆነ እንዳይሰባበር ተፈርቶ ለመዘርጋት ዓመታት ፈጀ። ሲዘረጋ በጥንታዊ ዕብራይስጥ ፊደል የተቧጨረ ጽሑፍ ታየ፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 አሮንና ልጆቹ ሕዝቡን እንዲባርኩበት የታዘዘው ቡራኬ ነበር። ባርከኝ፣ ጠብቀኝ የሚል ሰው ይህን በአንገቱ አስሮ ኖረ፤ ሲሞትም አብሮት ተቀበረ። ዕድሜው 2,600 ዓመት ገደማ ነው፤ ከሙት ባሕር ጥቅልሎች በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በጽሑፍ ተገኝቶ ከዚህ የሚያረጅ የለም።

የተጠቀለለ ጽሑፍ በአንገት ማሰር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ክታብ በብራና ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ሰውየው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲሸፈን። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሣሉበታል። ብዙዎቹ ለወላድ ሴቶች የተጻፉ ናቸው፤ ሕፃናት በገፍ ያልቁ በነበረበት ዘመን የእናት ጭንቀት እዚያ ብራና ላይ ይነበባል። ያንን ጭንቀት አልንቅም። ይሁንና ልዩነቱን መናገር ያስፈልጋል። የአሮን ቡራኬ የሚጠብቀውን ይለምናል፤ የክታቡ አስማት ግን ኃይሉን በስውር ስሞች ሊያዝዝ ይሞክራል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ጥንቆላን አምርሮ የተዋጋው፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም እስከ ዛሬ በመቃወም የሚያስተምሩት በዚህ ምክንያት ነው። የሚወድህን አባት ስሙን ጠርተህ ትለምነዋለህ እንጂ አታስገድደውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ለጥበቃው ብዙ ሥዕል ይሰጣል። ዐለት ይላል፤ አምባ፣ ጋሻ፣ በኢዮብ ዙሪያ የታጠረ አጥር ይላል። እረኛ ይላል፤ ተኩላ ሲመጣ ጥሎ ከሚሸሸው ሞያተኛ ጋር የተነጻጸረ እረኛ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚልቀው ጌታ ኢየሩሳሌምን አይቶ ሲያዝን የተናገረው የዶሮዋ ምሳሌ ነው፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ይገኛል።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጫጩቶቹ ግቢው ውስጥ ተበታትነው ይጭራሉ። ድንገት የጭልፊት ጥላ መሬቱን ቆርጦ ያልፋል። እናቲቱ ድምፅዋን ትለውጣለች፤ ሲለቅሙ ከምትጠራቸው የተለየ፣ የጠበቀ ድምፅ ነው። በዐይን ጥቅሻ ሁሉም ከክንፏ ሥር ናቸው። አንዲት ትንሽ ጭንቅላት በላባው መካከል ብቅ ትላለች፤ እናቲቱ ሰውነቷን ዝቅ ታደርግና መልሳ ትሸፍናታለች። ጭልፊቱን የምትመክትበት ጥፍር የላትም። መብረርም አትችልም። ያላት ገላዋ ብቻ ነው፤ እሱንም በጭልፊቱና በልጆቿ መካከል ታኖረዋለች። ጭልፊቱ ከወረደ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

የንስር ክንፍ በብሉይ አለ፤ ጌታ ግን ንስሩን ትቶ ዶሮዋን መረጠ። ይህን የተናገረው ሊሰቀል ቀናት ሲቀሩት ነው። የክርስትና የጥበቃ ትምህርት ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጠባቂው ራሱ ይቆስላል። ደግሞም ልብ በሉ፣ ጫጩቶቹ እንቢ ብለዋል። ክንፉ ተዘርግቷል፤ የሚገባበት ጠፍቷል። ጥበቃው ፍቅር ስለሆነ ጎትቶ አያስገባም።

ይህ እምነት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የየራሱ መልክ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ጥበቃ የቤተሰብ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይጠብቃል፣ መላእክት ይላካሉ፣ እመቤታችንና ቅዱሳን ያማልዳሉ። ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ የሚያስበው ሠለስቱ ደቂቅን ነው፤ ባቢሎን ላይ ከእቶን እሳት የወጡትን ሦስቱን ወጣቶች። ስለት የገባም፣ የሰመረለትም፣ ገና የሚለምንም አብሮ ይወጣል። ካቶሊካውያን ለጠባቂ መላእክት ራሱን የቻለ በዓል አላቸው። ወንጌላውያን አማኞች በመካከል ማንንም ሳያስገቡ በቀጥታ ወደ ተስፋው ቃል ይሄዳሉ፤ በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻቸው ተዘግተው በየቤቱ ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ መዝሙር 91 ብዙዎች በቃል የያዙት ጋሻ ነበር። ስለ ምልጃ ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ አልሸፋፍነውም። በአንድ ነገር ግን አይለያዩም፤ ጠባቂው አንድ ነው፣ የሚጠብቀውም ስለሚወድ ነው።

መዝሙር 91ን የጠቀሰ ሌላም አለ። ወንጌል እንደሚነግረን ዲያብሎስ ጌታን መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው ማስረጃ ያመጣው ከዚያው መዝሙር ነው። መላእክት እንዲጠብቁህ ተጽፏል፣ እንግዲህ ዝለል። ጌታ አልዘለለም። ይህን ታሪክ በየመድረኩ ጥበቃን እንደ ዋስትና ወረቀት ለሚያድሉ ሰባክያን ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። «ይህን ዘይት የተቀባ አይታመምም፣ እምነት ያለው መኪናው አይጋጭም» የሚል ስብከት ሰምቼ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ የወደቀችው ምዕመን የምትሸከመው ሁለት ሕመም ነው፤ አንዱ የሥጋዋ፣ ሌላው «እምነቴ ጎድሎ ነው» የሚለው። ይህ ጭካኔ ነው። ወንጌልም አይደለም።

የሚያምን ለምን ይታመማል የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በካርታጎ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ ወረርሽኝ ገብቶ ክርስቲያኑም አረማዊውም እኩል ሲረግፍ አንዳንድ ምዕመናን ግራ ተጋቡ። እኛ የእግዚአብሔር ሆነን ሳለ ለምን ከእነሱ ጋር እንሞታለን? ጳጳሱ ቆጵርያኖስ ስለ ሟችነት በጻፈው መጽሐፍ የመለሰው በግልጽ ነበር፤ ይህን ሥጋ እስከለበስን ድረስ የሥጋው መከራ የጋራችን ነው፤ መርከብ ሲሰበር አንዱ ተሳፋሪ ለብቻው አይተርፍም። ሕዝቡንም በሽተኛ እንዲያስታምም አሰማራው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ258 በሰይፍ ተቀላ።

ወንጌሉም አይደብቀውም። ሉቃስ ምዕራፍ 21 ላይ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ከእናንተ አንዳንዶቹን ይገድላሉ ብሎ፣ ወዲያው ከራሳችሁ ጠጉር አንዲት እንኳ አትጠፋም ይላል። ሁለቱ ቃላት በሁለት ቁጥሮች ርቀት ላይ ናቸው። ሰው ተገድሎ ጠጉሩ የማይጠፋው እንዴት ነው? ጥበቃው ከሞት ወዲያ ካልተሻገረ ይህ አነጋገር ትርጉም የለውም። ሦስቱ ወጣቶችም እሳቱ ፊት ቆመው ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ ባያድነንም ለጣዖት አንሰግድም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው በእሳቱ ውስጥ አራተኛው የታየው። ውጭ ሆኖ እሳቱን አላጠፋላቸውም፤ ገብቶ አብሯቸው ተመላለሰ።

በአገራችንም ይህ እምነት ተፈትኗል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም ምዕመናኑን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። የጉዲና ባለቤት ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ወንድሞቻችን ክርስቲያን በመሆናቸው ተገድለው ዜናው በየቤቱ ገባ። ያን ሰሞን የለቅሶ ድንኳን ውስጥ «አምላካቸው የት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ነውር አልነበረም፤ ዳዊት ራሱ ብዙ ጊዜ ጠይቋል። የሟቾቹ እናቶችም በር ላይ ቆመው መርቀው ነበር የሸኟቸው።

መልስ ብዬ የምሰጠው የለኝም። ያየሁትን ልናገር። ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ አንገቷ ላይ ማተቧ፣ ስልኳ ውስጥ የተቀዳ ዳዊት አለ። ሌሊት ሥራ ጨርሳ ትደውላለች፤ እናቷ እዚህ ትደግማለች፣ እሷ እዚያ ትሰማለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው መንገድ ላይ የጣሏቸው እህቶች ነበሩ፤ ያን ጊዜ ከየኪሳቸው አዋጥተው ዳቦና ፍራሽ ይዘው የደረሱላቸው እንደነሱው ያሉ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። «ሻማር» የሚለው ቃል በኦሪት ዘፍጥረት ቃየን የወንድሜ ጠባቂ ነኝን ብሎ በጠየቀበትም ስፍራ አለ። የተጠበቀ ሰው ጠባቂ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የእግዚአብሔር ክንፍ የሚዘረጋው በሰው ክንድ ነው።

ስለ ጥበቃ ከተጻፉት ታሪኮች የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ከሁሉ ይልቅ እወደዋለሁ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለ። ቀጥሎ ጴጥሮስን አሰረ፤ ዐሥራ ስድስት ወታደር እያፈራረቀ አስጠበቀው። ሌሊት መልአክ ጎኑን መትቶ ቀሰቀሰው፤ ሰንሰለቱ ወደቀ። ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው፤ ሁለቱም ተወዳጆች ነበሩ። ለምን አንዱ ብቻ? ሉቃስ አንድም ቃል አይናገርም። የሚነግረን ማርያም በምትባል ሴት ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ ስለነበሩት ነው። ጴጥሮስ በሩን መታ። ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን ለይታ ከደስታዋ ብዛት ሳትከፍትለት ሮጣ ገባች። እነሱም አላመኗትም፤ መልአኩ ይሆናል አሏት፤ ዑቃቤው መሆኑ ነው። ያዕቆብ ከእንግዲህ ያንን በር አይመታም። ጴጥሮስ ግን ደጅ ቆሞ ያንኳኳ ነበር።