የበጀት ዓመትና የቡና ዕድሜ

የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በምትገኘው በቴፒ ዙሪያ የሚተከል የቡና ችግኝ ግን የመጀመሪያ ፍሬውን ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅበታል፣ ምርታማነቱንና በሽታን የመቋቋም ዐቅሙን ለማረጋገጥ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ያስፈልጋሉ። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የሳይንስ ምርምርን ማን ይምራው፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ የጊዜ አለመጣጣም ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ መከሰቱ ሲታወቅ፣ ያልበሰለውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው ይህ የፈንገስ በሽታ የአገሪቱን ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስጋት ላይ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በጅማ አቅራቢያ በመልኮ የሚገኘውን ማዕከሉን ይዞ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በመተባበር በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ፍለጋ ባለሙያዎችን ወደ ደቡብ ምዕራብ ደኖችና ማሳዎች አሰማራ፤ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችም ተመርጠው ዘራቸው ተፈተነ። ገበሬው ዛሬም በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች፣ 74110፣ 74112 እና 74158፣ በመነሻቸው የያዙት 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። በሽታው ከታወቀ አሥር ዓመት ሳይሞላ ተቋቋሚ ዝርያ ለገበሬው መድረሱ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ይሁንና ተመራማሪዎቹ ይህን ያህል የፈጠኑት የአረቢካ ቡና መገኛ የሆነው ደን የዘር ብዝኃነትን፣ ማለትም በአንድ የዕፅዋት ዓይነት ውስጥ ያለውን የባሕርይ ልዩነት፣ አስቀድሞ አከማችቶ ስለጠበቃቸው ጭምር ነው። ስለዚህ ለደን ጥበቃ የሚወጣ ገንዘብ የምርምር ወጪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝንጅብል እንደ ቡና ዕድለኛ አልነበረም። በቅመማ ቅመም ምርምር ብሔራዊ ኃላፊነት ያለው የቴፒ የምርምር ማዕከል ከእርድ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከኮረሪማ ጋር ዝንጅብልንም እያጠና ቦዚያብና ያሊ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውላጊ በሽታ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አምራቾችን ሲመታ ግን ቡናን ያዳነው መንገድ አልሠራም። ዝንጅብል ከውጭ የገባና በፍሬ ሳይሆን ከመሬት ተቆፍሮ በሚወጣው አካሉ ቁራጭ የሚራባ በመሆኑ የዘር ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ በሽታውም በአፈር ውስጥ ከመቆየቱ በላይ ገበሬዎች ለተከላ በሚለዋወጡት ቁራጭ ተደብቆ ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል። እንዲህ ዓይነቱን በሽታ ለመግታት ቲሹ ካልቸር በሚባለው ዘዴ ከትንሽ የተክል አካል ንጹሕ ችግኝ በቤተ ሙከራ ማባዛት፣ የችግኝ ዝውውርን መቆጣጠር፣ ማሳን ከሌላ ሰብል ጋር ማፈራረቅና ገበሬውን ማሠልጠን አብረው መሄድ አለባቸው። ሥራዎቹ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶችና በጀቶች ሥር የተበታተኑ ስለሆኑ ግን አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል፤ ዝንጅብል ሸጦ ልጆቹን የሚያስተምር ቤተሰብ ደግሞ ያን ያህል የመጠበቅ ዐቅም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከጥቅል አገራዊ ምርት፣ ማለትም አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው የዕቃና የአገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ፣ 1.5 በመቶው ለዘርፉ እንዲመደብ አልሞ ነበር፤ በዩኔስኮ አኃዝ መሠረት ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ለምርምርና ሥርጸት የወጣው 0.27 በመቶ ገደማ ነው። ከውጭ የሚገኘው የፕሮጀክት ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ የሙከራው ቡና ፍሬ መያዝ ሲጀምር ሊያልቅ ይችላል። ኮሎምቢያ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይዛለች፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተመሠረተው የቡና ምርምር ማዕከሏ ሴኒካፌ ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ በየፓውንዱ ከሚነሣ መዋጮ ይደጎማል፣ የሚያስተዳድረውም የቡና አምራቾች ፌዴሬሽን በመሆኑ ምን ይጠና በሚለው ውሳኔ አምራቹ ድምፅ አለው። ተመሳሳይ መዋጮ በኢትዮጵያ ቢጀመር ሸክሙ በመጨረሻ የአነስተኛው ገበሬ ትከሻ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል መጠኑ በጥንቃቄ መወሰን ይኖርበታል፤ ሆኖም ሰኔ 30 ሲደርስ ወደ ግምጃ ቤት የማይመለስ አነስተኛ ቋሚ ገንዘብ ቢኖር፣ ቅድሚያ የሚገባቸው በመልኮና በቴፒ የሚገኙት የረጅም ጊዜ ሙከራዎች፣ ከበሽታ ነጻ የሆነ የዝንጅብል ችግኝ ብዜትና በደኑ ውስጥ ገና ያልተጠኑት የቡና ዛፎች ናቸው።