በምክር ቤት ሥራ ሲበዛ ሊቀድም ስለሚገባው ነገር

ክረምት ሲገባ ለገበሬ ሥራው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመጣበታል። ብልህ ገበሬ ግን ወራት የማይጠብቀውን ሥራ ያስቀድማል። አጥር ነገም ይታጠራል፤ ዘር ግን ወራቱ ካለፈበት አይበቅልም። ሕግ ለማውጣት የተመረጠ እንደራሴም ይህን የገበሬ ጥበብ ሊማር ይገባዋል።

በሕገ መንግሥቱ እንደ ተደነገገው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጉባኤውን ይከፍታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። የቀሩት ስምንት ወሮች ለብዙ ረቂቅ ይከፈላሉ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚገባ፥ በሰኔ የበጀቱ ነገር ሌላውን ሁሉ ይጫነዋል። ገበሬውም በዚያው ወር ከሞፈር ስለማይለይ፥ ስለ ራሱ ጉዳይ ከአዳራሹ ደጅ ቆሞ አቤት ሊል አይችልም። እንግዲህ አስቀድሞ ያልታሰበለት የመሬት ጉዳይ ወይ በጥድፊያ ይወሰናል፥ ወይ ለከርሞ ይተላለፋል። በጥድፊያ የተወሰነው፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ይሆናል። ለከርሞ የተላለፈው ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ለዚህም ካለፈው ዘመን ምስክር አለ። የ1948 ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ፤ ነገር ግን ተመራጩ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበርና የባለርስቱ ወገን በዚያ በርትቶ ነበር። በባለርስትና በጭሰኛ መካከል ያለውን ውል የሚያስተካክል ረቂቅ በ1960ዎቹ ለምክር ቤቱ ቀርቦ፥ ዛሬ ነገ ሲባል ሳይጸድቅ ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ምክር ቤቱ ተበተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ከምርቱ ጥቂት ለጭሰኛው መልቀቅ የከበደው ባለርስት ርስቱን በሙሉ ለቀቀ። የተላለፈ ጉዳይ እንደ አራጣ ዕዳ ነው፤ ባለዕዳው ሲተኛ እርሱ ያድጋል።

የዛሬውን ጉዳይ ለማየትም ከምክር ቤቱ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከአራት ኪሎ ወደ ምሥራቅ፥ ከየካ ተራራ በታች ሲ.ኤም.ሲ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በደርግ ዘመን በዚያ ቤቶችን ከሠራው የኢጣልያ የሥራ ተቋራጭ የወጣ ነው። ሞፈር ይዞርበት የነበረው ያ ሜዳ ዛሬ ቤትና አስፋልት ሆኗል። ከተማ ማደጉ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው መሬቱን የለቀቀው ገበሬ በምን ይኖራል የሚለው ነው።

በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለተነሣ ገበሬ፥ ከንብረቱ ካሣ ሌላ፥ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን፥ ምትክ መሬት ላልተገኘለት፥ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ወሰነ። ለምሳሌ የአንድ ገበሬ ገቢ በአምስቱ ዓመት 30፥ 40፥ 50፥ 40 እና 40 ሺህ ብር ቢሆን፥ በፊተኛው አዋጅ 400 ሺህ፥ በኋለኛው 750 ሺህ ብር ይደርሰዋል። በሁለቱ አዋጆች መካከል 14 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የተነሣ ገበሬ የተቀበለው በፊተኛው ስሌት ነው፤ እርሻውም አይመለስለትም። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997ም በቁጥር 1324/2016 እስኪተካ 19 ዓመት ቆይቷል።

ስለዚህ እንደራሴ በጉባኤው መክፈቻ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፥ የትኛው ጉዳይ ብዙ ይነገርለታል ብሎ ሳይሆን፥ የትኛው ጉዳይ ቢዘገይ ጉዳቱ አይመለስም ብሎ ነው።

የወረዳ ሹም ግን ይህ የእንደራሴው ሥራ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባውም። ሕጉ የሦስት ዓመት ገቢ ይቁጠር ሲል፥ ገቢውን በትክክል ለማስላት መዝገብ ይረዳል። ምርቱ በየዓመቱ ያልተጻፈለት ገበሬ፥ ሕጉ በ15 ቢያበዛለትም የሚባዛውን ገቢ ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል። እንግዲህ ሹም በጥርና በየካቲት፥ ምርቱ ከአውድማ እንደ ገባ፥ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳና ምርት ገበሬው ራሱ ባለበት ያስመዝግብ፤ የገበያውንም ዋጋ ከቀኑ ጋር ያስጽፍ። ከወረዳው የሚነሣውን ችግርም በቁጥር አስደግፎ፥ የበጀቱ ጥድፊያ ሳይደርስ ለእንደራሴው ያድርሰው። እንደራሴ ያልሰማውን አይናገርም፤ ሚዛንም ያልተጫነበትን አይመዝንም።