የማይሸጥ መሬት፣ የማን?

በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ሱማትራ ገጠር የሚኖሩት ሚናንግካባዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ የቅድመ አያት እርሻና ቤት ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። የእናት ወንድም ይጠብቀዋል እንጂ አይወርሰውም። ሰው በላቡ ያፈራው ሀብት ለብቻው በሸሪዓ ይከፋፈላል።

የዘር መሬት አይሸጥም። በወለድ አገድ ለማስያዝ እንኳ ልማዱ የሚፈቅደው ለአራት ችግር ነው፦ ለቀብር፣ ሴት ልጅ ለመዳር፣ የጎሳውን ቤት ለመጠገን፣ አለቃ ለመሾም። ወንዱ በወጣትነቱ እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል፤ መሬቱ ስላለ መመለሻ አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ1979 የሱሃርቶ መንግሥት ያወጣው ሕግ «ናጋሪ» የተባለውን ነባር የመንደር አስተዳደር አፈረሰ። አገዛዙ በ1998 ከወደቀ በኋላ ናጋሪው ተመለሰ። በ2013 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ «የነባር ማኅበረሰብ ደን የመንግሥት ደን አይደለም» ሲል ፈረደ።

ውድ አንባቢያን፣ የእኛም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ነገር ግን ገበሬያችን ከይዞታው ሲነሳ አይተናል። እዚያ «አይሸጥም» የሚሉት እናቶችና ጎሳው ናቸው፤ እኛ ዘንድ ባለሥልጣኑ ነው። ስለ መሬት ስንከራከር ይሸጥ አይሸጥ ከማለታችን በፊት፣ ቃሉ በማን እጅ ነው ብለን እንጠይቅ።