የጠርሙስ ክዳን ሙዚየም ሲገባ

የአረቄ ጠርሙስ ተከፍቶ መጠጡ ሲያልቅ ክዳኑን ምን እናደርገዋለን? እንጥለዋለን። ልጆች አንሥተው ቢጫወቱበት ነው እንጂ ሌላ ጥቅም አለው ብለን አናስብም። ነገር ግን ይኸው የሚጣል ክዳን በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ሙዚየም ገብቶ ብዙ ሰው አይቶታል። እንዴት? እንመልከት።

ሙዚየም የታሪክና የጥበብ ዕቃ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ሥራን ለሕዝብ ማሳየት ደግሞ ኤግዚቢሽን ይባላል። የዚህ ኤግዚቢሽን ባለቤት ኤል አናትሱይ የሚባል አፍሪካዊ ቀራፂ ነው። ቀራፂ ማለት ከእንጨት፣ ከድንጋይ ወይም ከብረት ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ነው።

አናትሱይ በ1936 ዓ.ም. በዛሬዋ ጋና ተወለደ። አባቱ ኬንቴ የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለም ልብስ ይሸምን ነበር። ልጁ ግን መምህር ሆነ። በናይጄሪያ፣ በንሱካ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ቅርጻ ቅርጽ አስተማረ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የጠርሙስ ክዳን የሞላበት የተጣለ ከረጢት አገኘ። ወስዶ አስቀመጠው። ምን እንደሚሠራበት ወዲያው አልታየውም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ ስስ ስለሆነ ተቀጥቅጦ ይዘረጋል፣ ወይም ይታጠፋል። ዳር ዳሩ ይበሳል። ከዚያ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አንዱ ከሌላው ጋር ይታሰራል። ብዙ ረዳቶች አብረው ይሠራሉ። በመጨረሻ በሺህ የሚቆጠር ክዳን አንድ ሰፊ ሥራ ይሆናል። ከሩቅ ላየው ወርቃማና ቀይ ጥለት ያለው ኩታ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ብረት ነው!

በኤግዚቢሽኑ ከ30 በላይ የብረትና የእንጨት ሥራዎች ቀርበው ነበር። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ አንዳንዱ ወለል ላይ ተዘረጋ። ከመካከላቸው አንዱ «ግሊ» ይባላል። በኤዌ ቋንቋ ግድግዳ ማለት ነው። ከክዳን ቀለበት ስለተሠራ ግን ማዶ ያለው ሰው በውስጡ ይታያል። ግድግዳ ሆኖ አይጋርድም።

ለምን የአረቄ ክዳን መረጠ? ድሮ የአውሮፓ ነጋዴዎች በመርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ካመጡት ሸቀጥ አንዱ አረቄ ነበር። በአረቄ ወርቅ ተለወጠ፤ ሰውም ተለወጠ። ያ ሰው በባርነት ወደ አሜሪካ ምድር ተጋዘ። በሸንኮራ እርሻ ላይ ደከመ። ከሸንኮራውም እንደገና አረቄ ወጣ። ለአናትሱይ ክዳኑ አፍሪካን፣ አውሮፓንና አሜሪካን ያያያዘውን ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ነው። ሽቦው ያሰረው ብረት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ቅርጻ ቅርጽ ስናይ «ያምራል» ብለን ብቻ አንለፍ። ከምን ተሠራ? ዕቃው ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ? ብለን እንጠይቅ። የተጣለ ነገር እንኳ የሚናገረው አለው፤ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ።