አርሰኒክን ለባክቴሪያ ከመተው በፊት

ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሚሆን ሐሩር ይደርሳል። ቁልቁለቱ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። እንዲህ ባለው ቆላ የጉድጓድ ውሃ የሚቀዳው እሳተ ገሞራ ከተፋው ድንጋይና ከተራራው ከታጠበ ደለል ነው።

ወደ ደቡብ፣ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ባለው ስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ጥርስ ስለሚያበልዝ ሁሉም ያውቀዋል። በዚያው አካባቢ በርካታ ጉድጓዶች አርሰኒክም እንዳለባቸው ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። አርሰኒክ ግን ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። ለዓመታት ከተጠጣ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

ይህን መርዝ ኬሚካል ሳይገዙ የማጣራት ሐሳብ አለ። ጋሊዮኔላና ሌፕቶትሪክስ የተባሉ ባክቴሪያዎች በውሃ የሟሟ ብረትን ወደ ዝገት ይለውጣሉ፤ አርሰኒክ ዝገቱ ላይ ይጣበቃል፤ አሸዋው ሁለቱንም ያስቀራል። የግሪክ ተመራማሪዎች ይህን በተሰሎንቄ ሞክረው ተሳክቶላቸዋል።

እኛ ዘንድ ግን እክል አለ። የጉድጓድ ውሃዋ በአርሰኒክ በተመረዘባት በባንግላዴሽ መርዙን ከደለሉ የለቀቁት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኦክስጅን በሌለበት የደለሉን ዝገት ሲያሟሙት ብረቱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ለማጣሪያው የሚሆን ብረት አይጠፋም። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ሶዳማ ነው፣ ኦክስጅን አለው፣ የሟሟ ብረቱም ጥቂት ነው። ብረት ካልጨመሩበት ባክቴሪያዎቹ ሥራ ፈት ናቸው፤ ቢጨመርም በሶዳማ ውሃ ዝገት አርሰኒክን አጥብቆ አይይዝም። ከውጭ መጥቶ እንዳለ የሚተከል ማጣሪያን የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

እጽዋትስ? ፕቴሪስ ቪታታ የተባለው ፈርን አርሰኒክን ከአፈር መጥጦ ቅጠሉ ውስጥ እንደሚያከማች በ2001 እ.ኤ.አ. ከፍሎሪዳ ተዘግቧል። የእምቦጭ ሥር ደርቆ ሲፈጭም አርሰኒክ ከውሃ እንደሚያነሳ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። (ጣና ላይ ለሚታጨደው ሁሉ ገበያ ተገኘ ብሎ ግን ማንም አይቸኩል።) ባክቴሪያም ሆነ ፈርን አርሰኒክን አያጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ይለውጠዋል። ዝቃጩን፣ ቅጠሉን ወይም ዱቄቱን ከወንዝና ከማሳ አርቆ የሚቀብር ካልተመደበ መርዙ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ እኔ የማስቀድመው ምርመራን ነው። በየጉድጓዱ ቁፋሮ ማግስት አርሰኒክ ከፍሎራይድ ጋር ይለካ፤ ካለበት በመጀመሪያ ሌላ ጉድጓድ ወይም የደጋ ምንጭ ይፈለግ፤ ማጣሪያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃናትን ከተቅማጥ ለማዳን የቆፈረቻቸው ጉድጓዶች መርዝ እንዳለባቸው ያወቀችው በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያም ሚሊዮን ጉድጓዶችን እየመረመረች የፓምፖቹን አፍ ቀባች፤ የሚጠጣውን አረንጓዴ፣ የማይጠጣውን ቀይ።