ዛሩ ሲናገር የጻፉት

በ1932 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ ጎንደር በኣታ ሰፈር፣ ከአንዲት ባልቴት ቤት ዕጣንና ከበሮ አይለይም ነበር። ወይዘሮ መልካም አያሁ ይባላሉ፤ ዛር የሰፈረባቸውን የሚፈውሱ፣ ራሳቸውም ባለ ዛር ነበሩ። ጉሪው፣ ማለትም የዛሩ መንቀጥቀጥ፣ ሲነሣ እኚያው ሴት አንዴ አባ ቋስቋስ ሆነው ይፎክሩ፣ አንዴ አባ ዮሴፍ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሻንቂት የምትባል ገረድ ይሆኑ ነበር። አፉ የእሳቸው ነው፤ ቃሉ የማን ነበር?

ጥያቄው ሚሼል ሌሪስ የተባለውን ፈረንሳዊ ጸሐፊ እንቅልፍ ነሣው። ጎንደር የደረሰው ማርሴል ግሪዮል ከዳካር እስከ ጅቡቲ በመራው የጥናት ጉዞ ነው። ከዚያ በፊት ፓሪስ ውስጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ተከታትሏል፤ የሰው ውስጥ እንቆቅልሽ አዲሱ አልነበረም። ነገር ግን አማርኛ አያውቅም። አንድ ቀን ያምናል፣ በማግስቱ ማስመሰል ይሆን እያለ ይጠራጠራል። እንዲህ እያለ ምንም ሳይዝ ሊመለስ ይችል ነበር።

ዕድሉ አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ሆኑ። እኚህ የተማሩ ሰው አስተርጓሚው ብቻ አልነበሩም፤ ዛሩ በወይዘሮዋ አፍ ሲናገር፣ ሲዘፍንና ሲፎክር ከሥር ከሥሩ በደብተራቸው ይጽፉ ነበር። በእኔ እምነት የዚህ ግኝት ግማሹ የእሳቸው ነው። የወይዘሮዋ በር የተከፈተለት ሌሪስም ለዛር የሚታረደውን ከብት ገዛ፣ እዚያው አደረ፣ የወይዘሮዋን ልጅ እማዋይሽን ከልቡ ወደደ። ዛር ያደረባቸውን ከማጥናት ይልቅ ዛር ቢያድርበት እንደሚመርጥ በማስታወሻው ጻፈ። ዛሩ ግን ወደ እሱ አልመጣም።

ማስታወሻው በ1934 ታተመ፤ እንቆቅልሹ ግን አልተፈታም። ሌሪስ ደብተሮቹን እያገላበጠ ዓመታት አለፉ። መልሱን በመጽሐፍ ያወጣው በ1958 ነው። ነገሩ ተራ ማስመሰል አልነበረም፤ እብደትም አልነበረም። እያንዳንዱ ዛር ባለ ዛሯ እንደ ሁኔታው የምትለብሰው ማንነት ነበር፤ ተመልካቹም ተዋናይዋም የሚያምኑበት፣ የሚኖሩት ቴአትር። ገረድም ጦረኛም መሆን የሚቻለው በዚያ ቤት ነበር።

ይህ ሁሉ የተገኘው በቦታው የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው። ወሎም በወዳጃውና በዛሩ እንዲህ ሊጻፍ የሚገባው ብዙ ቃል አለው። ሐራ፣ መርሳና ወልድያ ያላችሁ ወጣቶች፣ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ፈቅደው ሲነግሯችሁ ቃላቸውን ከነቀኑ ጻፉት።